ማሰሮው ከመጣዱ በፊት፦ ጓንዡ ላለች አራስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ኢትዮጵያዊት ናት፤ የምትኖረው ቻይና፣ ጓንዡ ነው፤ ባሏም የዚያው አገር ሰው ነው። ከወለደች 12 ቀኗ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የወለደችው በምጥ ነው። አማቷ ከሦስተኛው ቀን ጀምራ «ሸንግ ኋ ታንግ» የሚባል መድኃኒት በየቀኑ እያፈላች ታጠጣታለች። ደሙ በስምንተኛው ቀን ቀንሶ ቡናማ ሆኖ ነበር። ከዐሥረኛው ቀን ወዲህ ግን እንደገና ቀላ፣ በዛም። ሆዷን አያማትም። ከተጸዳዳች አራት ቀን ሆኗታል። ጡቷ ለስላሳ ነው፣ ወተቱ ትንሽ ነው። ስትነሳ ያዞራታል፣ ያልባታል፣ የእጇ አንጓም ያማታል። ሐምሌ ነው፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ኤሲው ጠፍቷል፣ ፀጉር መታጠብም ተከልክሏል።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን ልቀጥል? ነፋስ ገባብሽ የሚሉኝስ እውነት ነው? የአሳማ እግር አልበላም በማለቴ አማቴ ተከፍታብኛለች። ምን ልበላት?» ትላለች።

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። መድኃኒቱን ዛሬ አቁሚ፤ ዛሬውኑም ወደወለድሽበት ሆስፒታል ሂጂ። ቀንሶ የነበረ ደም ተመልሶ ሲቀላና ሲበዛ፣ በዚያ ላይ ማዞር ሲጨመርበት፣ ቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ማህፀን ውስጥ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ነው የሚለየው። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ወይም እንቁላል የሚያህል የረጋ ደም ከወጣ፣ ታክሲ አትፈልጊ፤ 120 ይደወል። ለሐኪሙ ሸንግ ኋ ታንግ ስንት ቀን እንደጠጣሽ ንገሪው። ይህን እንዳትደብቂ አደራ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። የቻይና ሕክምና የተማርኩት እዚያው ቻይና ነው። ስለዚህ አማትሽን «ኋላ ቀር» ብዬ ላልፋት አልችልም፤ ልክም አይሆንም። ከጀርባዋ የሁለት ሺህ ዓመት ሐሳብ አለ። ችግሩ ሐሳቡ አይደለም። ሐሳቡ «መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ አፍላ» ነበር የሚለው። ቤት ውስጥ ግን መጠየቁ ቀረና ማፍላቱ ብቻ ተረፈ።

ሐሳቡ ምን መሰለሽ? የቻይና ሐኪሞች የአራስን ሰውነት በሁለት ቃል ይገልጹታል፤ «ሹ» እና «ዩ»። ሹ ማለት መጉደል፣ ባዶ መሆን ነው። ምጥ ጉልበት ይጨርሳል፣ ደም ይፈሳል፣ ላብ ይወጣል። ዩ ማለት ደግሞ ተቋጥሮ መቅረት ነው፤ መውጣት የነበረበት አሮጌ ደም ሳይወጣ ሲቀር ማለት ነው። አራስ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ትሆናለች። ጎድላለች፣ ግን ደግሞ ውስጧ የቀረ አለ።

ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። የጎደለውን ብቻ እሞላለሁ ብለሽ ገና በሁለተኛው ቀን ጂንሰንግ ብትጠጪ፣ ቻይናዎቹ «በሩን ዘግቶ ሌባውን ቤት ውስጥ ማስቀረት» ይሉታል። የቀረውን ብቻ አወጣለሁ ብለሽ ደም የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ሳታቋርጪ ብትጠጪ ደግሞ የቀረሽን ጥቂት ደም ታፈሺዋለሽ። አንቺ ላይ እየሆነ ያለው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ሸንግ ኋ ታንግ የሚታወቀው ከፉ ቺንግዡ ጋር ነው። ከ1607 እስከ 1684 የኖረ ሐኪም ነው፤ የሴቶች ሕክምና ሲነሳ ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም። «ሸንግ» መውለድ ነው፣ «ኋ» ደግሞ ማሟሟት። አዲስ ደም ይወልዳል፣ አሮጌውን ያሟሟል ለማለት ነው። ውስጡ አምስት ነገር ብቻ ነው ያለው። ዋናው ዳንግ ጉዊ የሚሉት የአንጀሊካ ሥር ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ ይበልጣል። ከዚያ ቹዋን ሺዮንግ የሚባል ሌላ ሥር፣ የኮክ ፍሬ እምብርት፣ ጠቁሮ እስኪያር የተቆላ ዝንጅብልና በማር የተቆላ የሊኮሪስ ሥር ይገባሉ። የሚያሞቅና ደም የሚያንቀሳቅስ ድብልቅ ነው።

የሚጠቅማት ሴት አለች። የታችኛው ሆዷ ቆርጦ ያማታል። ሲነኳት እጅ ትገፋለች። ሙቅ ነገር ሲደረግላት ይሻላታል። ደሟ ጥቁር ነው፣ ይቋጠራል፣ በደንብ አይወርድም። መድኃኒቱ የተሰናዳው ለእሷ ነው። ለእሷም ቢሆን ለጥቂት ቀን ነው። አንቺ ግን ሆዴን አያመኝም ብለሻል። ደምሽ ቀይ ነው፣ ይወርዳል። ታዲያ ምኑን ለማሟሟት ነው ዘጠኝ ቀን ሙሉ የጠጣሽው?

ተማሪ ሳለሁ አንድ ነገር አይቻለሁ። ሃያ ቀን በተከታታይ ይህንኑ የጠጣች አራስ መጣች። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ቤተሰቡ በሙሉ ይወዳታል፤ ሁሉም በየተራ እየቀዳ ነው ያጠጣት። አንድም ሰው ግን «ደምሽ ምን ይመስላል?» ብሎ አልጠየቃትም። አስተማሪያችን የልብ ምቷን እንኳ ሳትይዝ ነበር ሦስት ጥያቄ የጠየቀቻት። እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ለአንቺም ልስጥሽ፤ በቻይና የሴቶች ሕክምና ትምህርት «ሦስቱ ምርመራዎች» ይባላሉ።

አንደኛው፣ የታችኛው ሆድሽን ያምሻል ወይስ አያምሽም? ይህ የቀረ ደም መኖር አለመኖሩን ይጠቁማል። ካመመሽ ደግሞ ሲጫኑት ይብሳል ወይስ ይሻላል? ሲጫኑት የሚብስ ሕመም የተቋጠረ ነገር ነው። ሲጫኑት የሚሻል ሕመም የባዶነት ነው።

ሁለተኛው፣ ትጸዳጃለሽ? ይህ ሰውነትሽ ውስጥ ምን ያህል ፈሳሽ እንደቀረ ይናገራል።

ሦስተኛው፣ ወተትሽ ይፈሳል? ምግብስ ይበላልሻል? ይህ የጨጓራን ጉልበት ያሳያል። ጨጓራ ካልበረታ ደም አይተካም፣ ደም ካልተተካ ወተት አይኖርም ነው ነገሩ።

በእነዚህ ሦስቱ ስትመዘኚ መልስሽ አንድ ዓይነት ነው። ሆድ አያምም፤ እዳሪ ደርቋል፤ ጡት ለስላሳ ነው፣ ወተቱ ትንሽ። ማዞሩንና ላቡን ስትጨምሪበት በቻይና ሕክምና ቋንቋ አንቺ ላይ ሹው ይበዛል፣ ዩው ትንሽ ነው። ያማትሽ ማሰሮ ደግሞ በአብዛኛው ለዩው ነው የተጣደው። ይህን የምለው በጽሑፍ ከነገርሽኝ ተነስቼ ነው፤ የሐኪም እጅ ሳያይሽ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ግን ለማቆም ይበቃል። ዳንግ ጉዊ ላይ ሌላም ጥንቃቄ አለ። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ጨርሶ ልትነካው አይገባም፤ መድማትን ይጨምራል።

የደሙን መልክ ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ብዙዎች ይጠይቁኛል። በዘመናዊው ሕክምና የአራስ ደም የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ቀይ ነው። ከዚያ ወደ ሮዝና ቡናማ ይሄዳል። ከዐሥር ቀን ገደማ በኋላ ቢጫማ ነጭ ይሆናል። በጠቅላላው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቻይናዎቹም ቀለሙን በጥንቃቄ ያያሉ። ፈዛዛ፣ ቀጭን፣ ብዙና ሽታ የሌለው ከሆነ ጉልበት አጥቶ መያዝ ያቃተው ነው ይላሉ። ደማቅ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ፣ የሚያጣብቅና የሚሸት ከሆነ ሙቀት ነው። ጥቁር፣ የተቋጠረና ከሕመም ጋር ከሆነ ዩ ነው። ሦስቱም በሦስት የተለያየ መድኃኒት ነው የሚታከሙት። አንዱን ለሌላው መስጠት ያባብሳል። የሚሸት ደም ሲኖር ደግሞ፣ በተለይ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ እኔ ራሴ የቻይና ሕክምና ሐኪም ብሆንም፣ አንቲባዮቲክ ወደሚታዘዝላት ሆስፒታል እልካታለሁ እንጂ ሥር አላፈላላትም።

ስለ ሆድ ድርቀቱ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዣንግ ዦንግጂንግ የሚባለው የሃን ዘመን ሐኪም፣ ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት፣ አራስ የምትታመምባቸው ሦስት በሽታዎች ብሎ ሲጽፍ አንዱ ይኸው ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ የሰውነት መንቀጥቀጥና መገታተር፣ እንዲሁም ራስ ማዞርና መጋረድ ናቸው። ለሦስቱም የሰጠው ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ ደም ጠፋ፣ ላብ ወጣ፣ ሰውነት ደረቀ። ከዚህ በመነሳት የኋላዎቹ ሦስት ክልከላ አወጡ። አራስን በኃይል እንዲያልባት አታድርጉ። ሆዷን በኃይል የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጧት። ሽንት በኃይል አታስወጧት። ያለቀባትን ፈሳሽ ደግሞ እናንተ አታፍስሱባት ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ሰናመኪ እንዳትጠጪ፤ አንዳንዱ ቻይና ቤትም እንደኛው ይጠቀምበታል። ውሃ ጠጪ። ጥቁር ሰሊጥ ተፈጭቶ፣ በለብታ ውሃና በማር። ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬም ብዪ፤ «ቀዝቃዛ ነው» ተብሎ ከተከለከልሽ ቀቅለሽ ብዪው። በዚህ ካልተፈታ ሐኪሙ ለምታጠባ እናት የሚሆን ማለስለሻ ይሰጥሻል።

ወደ ላቡና ወደ መስኮቱ እንምጣ። ይህን ክፍል ስጽፍ እጨነቃለሁ። «ነፋስ ገባብሽ» የሚለው ለአንቺ አዲስ አይደለም። እኛም «ብርድ መታት» እንላለን። በራችንን ዘግተን፣ ጋቢ ደርበን ነው የምንታረሰው። የቻይና ሐሳብ ሲጠቃለል፣ ከወሊድ በኋላ የቆዳ ቀዳዳ ክፍት ነው፣ ነፋስና ብርድ በቀላሉ ይገባሉ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣሉ የሚል ነው። ይህ ሲባል የነበረው በከሰል በሚሞቅ ቤት፣ ክረምቱ አጥንት በሚሰብርበት ሰሜን ቻይና፣ ፀጉር ታጥቦ በቀን ሙሉ በማይደርቅበት ጊዜ ነው። ያኔ ትርጉም ነበረው።

የጓንዡ ሐምሌ ግን ሌላ ነው። ሙቀቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እርጥበቱንም። በተዘጋ ክፍል፣ ብርድ ልብስ ለብሰሽ፣ የሚያሞቅ መድኃኒት እየጠጣሽ ብትቀመጪ ልትሞቺ ትችያለሽ። ለማስፈራራት አይደለም። የቻይና የማህፀንና ጽንስ መማሪያ መጻሕፍት «የአራስ የሙቀት ምት» የሚባል በሽታ በስሙ ይጽፋሉ፤ የሚመጣው ከዚሁ ከመዘጋጋት ነው። ጥንታዊውም ሕክምና ቢሆን በኃይል ማስላብን እኮ ከልክሏል። አማትሽን በራሷ መጽሐፍ ነው የምትሞግቻት። ኤሲውን 26 ዲግሪ ገደማ አድርጉት፤ ነፋሱ ቀጥታ አንቺና ሕፃኑ ላይ አይምጣ። መስኮት በቀን ጥቂት ጊዜ ይከፈት፤ ያኔ አንቺ ሌላ ክፍል ቆዪ። ፀጉርሽን በሙቅ ውሃ ታጠቢና ወዲያው በማድረቂያ አድርቂው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ሌሊት ማላብ በራሱ ሰውነት ያከማቸውን ውሃ ማስወጣቱ ነው፤ ያስጨንቃል እንጂ በሽታ አይደለም።

መተኛቱም ልክ አለው። «ወር መቀመጥ» የሚሉት ልማድ ዋናው ቁም ነገሩ ከባድ ሥራ አለመሥራት ነው። ያንን እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ስንት አገር ሴት የምትመኘው ዕረፍት ነው። ግን ያለ እንቅስቃሴ መጋደም እግር ውስጥ ደም ያረጋል። በእነዚህ ስድስት ሳምንታት ይህ አደጋ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። መድማቱ ጋብ ሲል ክፍል ውስጥ ተመላለሺ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከታመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት ከዓይን መጋረድ ጋር ከመጣ አሁንም ድንገተኛ ክፍል ነው።

የእጅ አንጓው ባብዛኛው ነፋስ አይደለም። ሕመሙ ከአውራ ጣት በታች ከሆነና ሕፃኑን ስታነሺ የሚብስ ከሆነ፣ የጅማት መቆጣት ነው። ቻይናዎቹ ራሳቸው ዛሬ «የእማማ እጅ» ይሉታል። ልጁን ስታነሺ አውራ ጣትሽን አትዘርጊ፤ ከታች በመዳፍሽ ደግፊው። በአኩፓንቸር ጥሩ እፎይታ የሚያገኙ አሉ። የሚጤስ ዕፅም ይጠቀማሉ፤ ተክሉ የኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። የጭሱ ሽታ መጀመሪያ ቀን አገሬን አስታውሶኝ ነበር። ይህን ግን ደሙ ሳይጣራ ሆድሽ ላይ እንዳታስደርጊ።

ወተትና የአሳማ እግር። ይህ ለአንቺ የሃይማኖትም ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልመልስልሽ። በቻይና ሕክምና ወተት የደም ልጅ ነው፤ ደም ተለውጦ ነው ወተት የሚሆነው ይላሉ። ጡት ለስላሳ ሆኖ ወተት ሲያንስ ደም ጎድሏል ማለት ነው፤ እናቲቱ ትመገብ። ጡቱ ግን አግቶ፣ ድንጋይ መስሎ፣ እያመመ ወተት ካልወጣ መንገዱ ነው የተዘጋው፤ ብዙ ጊዜም ንዴትና ሐዘን አለበት። ለዚህችኛዋ ሰባ ያለ ሾርባ መስጠት እሳት ላይ ቅቤ መጨመር ነው። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፤ መብላት አለብሽ።

የጓንዡ ሰዎች ለአራስ የሚያበስሉት የአሳማ እግር በዝንጅብል፣ በጣፋጭ ጥቁር አቼቶና በተቀቀለ እንቁላል ነው። አማትሽ ይህን ስታቀርብልሽ ፍቅሯን ነው ያቀረበችልሽ፤ የኛ ሰው ገንፎ በቅቤ ይዞ እንደሚመጣው። እምቢ ስትያት የተከፋችው ለዚህ ነው። ስለዚህ እምቢ ብቻ አትበያት። ሌላ ጠይቂያት። እንቁላሉን በዝንጅብልና በአቼቶ ለብቻው እንድትሠራልሽ። ወይም ለወተት የሚያበስሉትን የዓሣ ሾርባ፣ ነጭ እስኪሆን የተቀቀለውን። ወይም ዶሮ።

ከሁሉ የማስበልጠው ግን የበግ ሾርባ ነው። ቅድም የጠራሁት ዣንግ ዦንግጂንግ ለአራስ የሆድ ሕመም የጻፈው መድኃኒት ሦስት ነገር ብቻ ነበረው፤ ዳንግ ጉዊ፣ ትኩስ ዝንጅብልና የበግ ሥጋ። በስምንት መስፈሪያ ውሃ ተቀቅሎ ሦስት እስኪቀር ይበስላል፤ ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ ይጠጣል። ይህን መጀመሪያ ስማር እናቴን ነበር ያስታወስኩት። የአራስ ቤት የበግ መረቅ እኛም ቤት ነበርና። አሁን ደም እየፈሰሰሽ ስለሆነ ዳንግ ጉዊውን ይተዉት፣ ዝንጅብሉንም ይቀንሱት። በጉና መረቁ ይበቃል። ሩዝ አረቄም እንዳይጨመርበት ንገሪያቸው፤ ተፈልቶም ቢሆን አልኮሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ወተት ውስጥም ይገባል።

ስለ ወተት ሁለት ነገር ልጨምር። ለማድረቅ ሲፈልጉ ቻይናዎቹ የተቆላ የገብስ ብቅል በብዛት አፍልተው ያጠጣሉ። ስለዚህ እናትሽ ከአገር ቤት የምትልክልሽ አጥሚት ይጠጣ፤ ብቅል ያለበት መጠጥ ግን ለጊዜው ይቅር። ሁለተኛው የኢንተርኔት ፓኬቶች ናቸው። ወተት ይከፍታሉ ተብለው «ሙቶንግ» የሚባል ሐረግ የገባባቸው አሉ። ከሙቶንግ ዓይነቶች አንዱ፣ ጓን ሙቶንግ የሚባለው፣ ኩላሊት ስለሚያበላሽ ቻይና ራሷ በ2003 ከመድኃኒት ዝርዝሯ አውጥታዋለች። ስሙን ማንበብ የማትችዪውን ነገር እየጠጣሽ ልጅሽን ጡት አታጥቢ። ወተት የሚያመጣው ዋናው ነገር ደጋግሞ ማጥባት ነው፤ በቀን 8 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ሌሊቱን ጨምሮ።

ስለ ሐዘን አልጠየቅሽኝም። ግን አገርሽ ሩቅ ነው፣ ቤቱ ዝግ ነው፣ ቋንቋውም ያንቺ አይደለም። ያለ ምክንያት ማልቀስ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ለባልሽ በዚያው ቀን ንገሪው፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አማትሽን «ሾርባሽ አይጠቅምም» አትበያት። «ያንቺ ሐኪሞች መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁ ብለዋል፤ አብረን እንጠይቅ» በያት። ከዚያ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ፤ ለቻይናዊው ሐኪም እሷ ታስረዳ። ስትመለሺ እነዚህን ጻፊልኝ፦ አልትራሳውንዱ ምን አለ? ሄሞግሎቢንሽ ስንት ነው? ደሙ መድኃኒቱን ካቆምሽ በሁለተኛው ቀን ምን መሰለ?